ምዕራፍ ስድስት፦ ሣሩ የማን ነው?

ከጨለንቆ ጦርነት ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በደጃዝማች ወልደ ገብርኤል የሚመራ የሸዋ ጦር ሂርና ላይ ሰፍሮ ነበር። ንጉሥ ምኒልክ ደጃዝማቹን የላኳቸው የኢቱ ኦሮሞን አገር፣ ጨርጨርን፣ እንዲይዙ ነው። የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ደግሞ ይህን ሰፈር ደጃፋቸው ላይ እንደ ተቀመጠ ጠላት አዩት። ግብፆች በ1877 ዓ.ም. ሐረርን ለቀው ሲሄዱ ጥቂት የሠለጠነ ወታደርና ጥቂት መድፍ ትተውላቸው ስለነበር አሚሩ ያንን ጦር ወደ ሂርና ላኩ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ሰፋሪውን ጦር ያስበረገገው ጥይት ብቻ አልነበረም፤ ርችትም ተተኩሶበታል። ሰማዩ በማያውቀው እሳት ሲሰነጣጠቅ ያየ ወታደር ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ወደ አዋሽ ወረደ።

የአሚሩ ደስታ አልሰነበተም። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን ምኒልክ ራሳቸው ጦር መርተው መጡና ጨለንቆ ላይ አሚሩን ድል አደረጉ። አሚር አብዱላሂ ወደ ምሥራቅ ሸሹ፤ ሐረር ገባች፤ ኋላ ራስ የተባሉት መኰንን ገዥዋ ሆነው ተሾሙ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ላይ አርተር ራምቦ በዚህ መንገድ አለፈ። ራምቦ በወጣትነቱ ፈረንሳይን በግጥሙ ያስደነቀ፣ ከዚያ ግጥሙን ጥሎ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ የመጣ ነጋዴ ነው። ከእንጦጦ ተነሥቶ ከአሳሹ ከዡል ቦሬሊ ጋር በጨርጨር በኩል ወደ ሐረር ሲጓዝ ያየውን በኋላ ካይሮ ሆኖ ለቀድሞ አሠሪው ጽፎታል። ሂርናን ሲጠቅስ ሸለቆዎቿን፣ ደን የለበሱ ጋራዎቿንና ቡናዋን ያነሣል። አሚሩ የሐበሻውን ጦር ለማስለቀቅ ሰዎች የላኩት እዚህ እንደነበር፣ ምኒልክንም ለዘመቻ ያስነሣቸው ይኸው እንደሆነ ይጨምራል።

ብዙዎቹ የታሪክ መጻሕፍት ከዚህ በኋላ ወደ ሐረር ይገባሉ፤ ከሐረርም ወደ ዐድዋ ይሄዳሉ። እኛ ግን እዚሁ ጋራው ላይ እንቆይ። አሚሩ ቢያሸንፉም ምኒልክ ቢያሸንፉም፣ የተጣሉበት መሬት ላይ ከብት ያሰማራ የነበረ ሌላ ሕዝብ ነበርና።

ጨርጨር ውሃ የሚከፍል አገር ነው። በሰሜን በኩል የሚወርደው ዝናብ ወደ አዋሽ፣ በደቡብ በኩል የሚወርደው ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። ደጋው ብርድና ምንጭ አለው፤ ቆላው ሙቀትና ሰፊ ሣር አለው። በሁለቱ መካከል ማሽላና ቡና የሚበቅልበት ወይና ደጋ አለ። ኢቱዎች በዚህ መሬት ላይ ያርሱም ያረቡም ነበር፤ የሀብታቸው መለኪያ ግን ከብት ነው። ዝናብ ሲጥል ቆላው ይለመልማል፣ ከብቱም ወደዚያ ይወርዳል። በጋው ሲበረታ ወደ ምንጩና ወደ ወንዙ ዳር ይመለሳል። ማን መቼ የት ያጠጣል፣ የየትኛው ጎሳ ጉድጓድ ለእንግዳ ከብት ይከፈታል፣ የሰው ነፍስ ቢጠፋ ካሣው ስንት ከብት ነው የሚለው በዘፈቀደ የሚወሰን አልነበረም። ሕጉ የሚደነገገው ከዛሬዋ ጭሮ ብዙም በማይርቀው በኦዳ ቡልቱም፣ በዋርካው ሥር በሚቀመጠው የገዳ ጉባኤ ነው። ዛሬ ጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው።

ከጨለንቆ በኋላ የመጣው ሥርዓት ይህን ዓይነት መሬት የሚያይበት ዓይን አልነበረውም። ምክንያቱን ለመረዳት የወታደሩን ደመወዝ መመልከት ይበቃል። የምኒልክ መንግሥት ለጦሩ የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም፤ የሚከፍለው በሰውና በመሬት ነበር። ነፍጠኛው እንደ ማዕረጉ ገባር ይመደብለታል። ገባሩም እህሉን፣ ማሩን፣ ማገዶውንና ጉልበቱን ያቀርባል። ከመሬቱ ለአካባቢው ባላባት ሲሶ ይተውለታል፤ የቀረው ለመንግሥት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ይደለደላል። ድልድሉ እንዲሳካ መሬቱ በቀላድ፣ በመለኪያው ገመድ፣ መለካት፣ ባለቤቱም በስም መታወቅ አለበት። የታረሰ መሬት ለቀላድ ይመቻል፤ ድንበሩ ይታያል፣ አራሹም እዚያው ቆሟል። ግጦሽስ? ከብቱ ቆላ የወረደ ጊዜ የመጣ ለኪ የሚያገኘው ሣር ብቻ ነው። ሰው የሌለበት ሣር ደግሞ ጠፍ መሬት ተብሎ ይመዘገባል። ጠፍ የተባለ መሬት የመንግሥት ነው፤ መንግሥትም ለፈለገው ይሰጠዋል።

ይህን ዘመን «ቅኝ አገዛዝ» የሚሉት አሉ፤ «አገር ማቅናት» የሚሉትም አሉ። ክርክሩ ገና ብዙ ዓመት ይቀጥላል። መሬቱ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ዞረ ግን ሁለቱም ወገኖች ያውቁታል።

ለኪው በባዶ ሣር ላይ ቆሞ «ባለቤት የለውም» ያለው በጨርጨር ብቻ አይደለም። ከዚያ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በሌላ አህጉር ይኸው ነገር ከዚህ በባሰ ጭካኔ ተፈጽሟል። ጉዳዩን በደንብ ለማየት እዚያ ደርሰን መመለስ አለብን።

እንግሊዞች አውስትራሊያ ላይ የሠፈሩት እ.ኤ.አ. በ1788 ነው። መጀመሪያ የያዙት በባሕሩ ዳር ያለችውን ሲድኒን ነበር፤ ከኋላዋ ያለው ተራራ አላሳልፍ ብሏቸው ሃያ አምስት ዓመት ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1813 ማለፊያ መንገድ ሲያገኙ ከፊታቸው ዳርቻው የማይታይ የሣር አገር ተዘረጋ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ የሱፍ ፋብሪካዎች ጠጉር በልተው አይጠግቡም ነበር። ስለዚህ በግ ያለው ሁሉ በጉን እየነዳ ወደ ውስጥ ገባ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1829 ከአሥራ ዘጠኝ አውራጃዎች ወሰን ውጭ ማንም እንዳይሠፍር ቢከለክልም የሰማው የለም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ክልከላው ቀርቶ በዓመት 10 ፓውንድ ለከፈለ ፈቃድ ይሰጥ ጀመር። አሥር ፓውንድ የከፈለ ሰው የፈለገውን ያህል መሬት ላይ በግ ያሰማራል።

መሬቱ ግን ሰው ነበረበት። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች አቦርጂኖች በግ አያረቡም፤ በእንግሊዞቹ ዓይን ደግሞ አያርሱም። ሣሩን በየወቅቱ እያቃጠሉ አዲስ ቡቃያ ያወጣሉ፤ ያን ቡቃያ ሊግጥ የመጣውን ካንጋሮ ያድናሉ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ሴቶቹ ሙርኖንግ የሚባል ባለ ቢጫ አበባ ተክል ሥር በእንጨት እየቆፈሩ ቤተሰባቸውን ይመግቡ ነበር። በጎች ሲመጡ የመጀመሪያው ጥፋት የደረሰው በዚህ ተክል ላይ ነው። በግ ቅጠሉን ግጦ አያቆምም፤ በአፍንጫው ምሶ ሥሩንም ይበላል። መንጋ ባለፈበት ሜዳ ላይ ሙርኖንግ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከገበታ ጠፋ። ካንጋሮው ሸሸ። የውሃ ጉድጓዱ በሰኮና ተረግጦ ጭቃ ሆነ። የራበው ሰው በጉን በጦር ወጋ፤ የበጉ ጌታ ፈረስ ጭኖ ጠመንጃውን አነሣ። ከሞላ ጎደል በየወሰኑ የሆነው ይኸው ነው።

ጆን ባትማን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1835 ዛሬ ሜልበርን ባለችበት አካባቢ ከነባሮቹ ሽማግሌዎች ጋር ውል ተዋዋልኩ፣ ብርድ ልብስና መጥረቢያ ሰጥቼ መሬት ገዛሁ አለ። ውሉ ማጭበርበር ነበር፤ ማጭበርበርም ቢሆን ግን ሽማግሌዎቹን እንደ ባለቤት መቁጠሩ አልቀረም። ገዥው ሪቻርድ በርክ በዚያው ዓመት በአዋጅ ሻሩት። የሻሩት ነባሮቹ ተታለዋል ብለው አይደለም። መሬቱ የእንግሊዝ ዘውድ ስለሆነ ነባሮቹ የሚሸጡት ነገር የላቸውም ብለው ነው። አንድ ሕዝብ መሬቱን በአጭበርባሪ ሲነጠቅ ቢያንስ ባለ መሬት እንደነበር ይታወቅለታል፤ በበርክ አዋጅ ግን ያም ቀረ።

እ.ኤ.አ. በጁን 1838 ማያል ክሪክ በተባለ የከብት ጣቢያ የሆነውን ብዙ አውስትራሊያዊ ዛሬ በትምህርት ቤት ይማረዋል። ዊራያራይ የሚባሉ ነባሮች ከጣቢያው እረኞች ጋር በሰላም ሠፍረው ነበር። አንድ ቀን ሌሎች እረኞች ፈረስ ላይ ሆነው መጡና ቢያንስ ሃያ ስምንት ሰው በገመድ አስረው ወስደው ፈጁ። አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። አሥራ አንድ ሰዎች ተከሰው በመጀመሪያው ችሎት ነፃ ወጡ፤ በሁለተኛው ሰባቱ ተፈርዶባቸው በስቅላት ተቀጡ። የቅኝ ግዛቱ ጋዜጦች ስለ ሟቾቹ ሳይሆን ስለ ተሰቀሉት አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ገዳዮች ተጠነቀቁ፤ ሬሳ ማቃጠልና አፍ መዝጋት ልማድ ሆነ። ግድያውም ቀጠለ። መዝገብ ላይ ከሰፈሩት ታላላቅ ፍጅቶች የመጨረሻው የኮኒስተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 በመካከለኛው አውስትራሊያ አንድ ነጭ አዳኝ ተገደለ ተብሎ በፖሊስ የተመራ ቡድን በመደዳ ገደለ። መንግሥት ያመነው 31 ሰው ነው፤ የነባሮቹ ትውስታ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ነው።

ወደ ጨርጨር ስንመለስ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። በአውስትራሊያ መንጋውን ይዞ የመጣው ሠፋሪው ነው። በጨርጨር መንጋው የነባሩ ነበር፤ ሠፋሪው ይዞት የመጣው ጠመንጃ፣ ቀላድና ሞፈር ነው። የሁለቱ ቦታ ሕግ ግን አንድ ነገር ላይ ተስማምቷል፦ በወቅት የሚጠቀም ሰው ባለቤት አይደለም። ነባሩ ከብት ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ቢያርስም ባያርስም፣ የሚጠየቀው «ዛሬ እዚህ ቆመሃል ወይ?» ነው። ለዚህ ነው የበግ ወረራን ታሪክ እዚህ ያመጣሁት።

የጨርጨር ሰው የሰይጣን ጆሮ አይስማ የሚያሰኝ ሌላም ዕዳ ነበረበት። በጨለንቆ ጦርነት ማግስት፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከውጭ በገባ ከብት የመጣው የከብት ወረርሽኝ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። ከአገሪቱ ከብት አብዛኛው አለቀ፤ ከሦስት አራት ዓመት ያላነሰው ያ ዘመን «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀረ። ከብቱ ያለቀበት አርቢ ቆላ የሚያወርደው ምክንያት የለውም። በሌለበት መሬቱ ጠፍ ይባላል። መንጋው ከዓመታት በኋላ ሲያገግም ጋራው ላይ የሚመለስበት ሜዳ ታርሷል፣ ቡና ተተክሎበታል፣ ጌታ ወጥቶለታል። ስለ ነፍጠኛ ብዙ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ወረርሽኙ የሚያነሱት ከስንት አንዴ ነው፤ እኔ ግን ያለ ወረርሽኙ ድልድሉ ያን ያህል ቀና ይሆን እንደነበር እጠራጠራለሁ።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ጋራውን መውጣት ስላልቻለ ሐረርንም ጨርጨርንም ትቶ በቆላው አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋን ከተማ አደረጋት፤ አፍደምን፣ ሚኤሶን፣ አሰቦትን፣ አዋሽን እየወለደ በ1909 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ገባ። ሐዲዱ በተዘረጋበት ሜዳ ላይ በምሥራቅ ኢሳ ሶማሌዎች፣ በሰሜን አፋሮች፣ ከጋራው ሥር ኢቱዎች ያሰማሩ ነበር። ማንም ጠይቆ አላስፈቀዳቸውም። ኢሳዎች መጀመሪያ የሠራተኛ ሰፈሮችን ያጠቁ ነበር፤ ኩባንያው ለሽማግሌዎች እየከፈለ ሰላም መግዛትን ተማረ። በሌላ በኩል ባቡሩ ለኢሳ ንግድ አመጣ፤ የጅቡቲ ወደብም ጠመንጃ ቅርብ አደረገ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ የኢሳ መንጋ እየገፋ ወደ አዋሽ አቅጣጫ ወደ ምዕራብ መጣ፤ ብዙውን ያጣው አፋር ነው፣ ኢቱም አልቀረለትም። ኢሳን ብቻ ወራሪ አድርጎ ማየት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የኢሳ ግጦሽ በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በኢትዮጵያ ወሰን ለሦስት ተቆራርጦ ነበር። ከኋላው የተቆለፈበት አርቢ ወደ ፊት ይገፋል።

ከጋራው ላይ ደግሞ ዘመናዊነት ይሞከር ነበር። ሩሲያ የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። እኚህ ሰው «ፋቡላ» የተባለውን ተውኔት የደረሱ፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ በፕላን የቆረቆሩት እሳቸው ናቸው፤ አገሩን ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ ሊያደርጉት ይመኙ ነበር። መንገድና ገበያ ተሠራ፣ የሹም ዘፈቀደ ልጓም ተበጀለት። ነገር ግን አርአያው አገር የታሰበው ለገበሬና ለነጋዴ ነው። የአርቢው ስፍራ በፕላኑ ውስጥ አልነበረም።

የጣሊያን ዘመን አጭር ናት፤ እኛም አንቆይባትም። ፋሽስቶች በጨርጨር «የኢትዮጵያ ፑሊያ» ብለው ከደቡብ ጣሊያን፣ ከፑሊያ ክፍለ ሀገር፣ የመጡ ገበሬዎችን ማስፈር ጀምረው ነበር። በወገራና በጅማ እንደታሰቡት ሌሎች ሠፈራዎች ሁሉ፣ የመጣው ሰው ከታቀደው በጣም ጥቂት ነበር፤ በ1933 ዓ.ም. ሁሉም አበቃ። እውነተኛው የነጭ ሠፋሪ ታሪክ በጨርጨር ይህን ያህል ብቻ ነው።

ከነፃነት በኋላ የቀላዱ አስተሳሰብ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገባ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 130 በሰው ስም ያልተያዘ ንብረትን ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ ደንና የግጦሽ መሬትንም በስም ጠርቶ ከዚያው ጨመራቸው። የኢትዮጵያ አርቢ በዚያች አንቀጽ በአገሩ የመንግሥት ጭሰኛ ሆነ። የበርክን አዋጅ ያነበበ ሰው ይህችን አንቀጽ ሲያነብ እንግዳ አትሆንበትም።

ወዲያው ሥራ ላይ ዋለች። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. አዋሽን ገራው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። በታችኛው አዋሽ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ጥጥ ይተክል ጀመር፤ በመተሐራ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ወደ 10 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ሸንኮራ አለማ። በዚያው አሥር ዓመት 756 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ። ይህ ሁሉ የሆነው ከረዩ ኦሮሞዎች፣ አፋሮችና ከጨርጨር ተገፍተው የወረዱ ኢቱዎች ከብት በሚያሰማሩበት ምድር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ባለሙያዎች ያኔ ያልገባቸውን አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። «ከሰፊው በረሃ ጥቂቱን ብቻ ነው የወሰድነው» ይሉ ነበር፤ በስፋት ካየነው እውነታቸውን ነው። የአርቢ መሬት ግን በስፋት አይመዘንም። ክረምት ሲዘንብ ሜዳው ሁሉ ሣር ነው፣ ያኔ ማንም አይቸገርም። መንጋው በሕይወት ከርሞ ለሚቀጥለው ክረምት የሚደርሰው ግን በየካቲትና በመጋቢት፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ፣ በወንዙ ዳር ያለችው እርጥብ መሬት ስላለች ነው። ሸንኮራው የተተከለው በትክክል እዚያች ላይ ነው። ከቤቱ ሁሉ አንዲቷን ምሰሶ ብቻ ነው የወሰድኩት እንደ ማለት ነው። የወንዙ ዳር ከተያዘ በኋላ ሰፊው የክረምት ግጦሽ ቢኖርም መንጋውን በጋ አያሻግረውም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ዝናቡ ሲጠፋ አፋሮች እንደ ቅጠል የረገፉት፣ የጥጡ እርሻ ደግሞ በመስኖ ለምልሞ የቆየው ለዚህ ነው። የአውስትራሊያው የውሃ ጉድጓድና የመተሐራው ወንዝ ዳር ተመሳሳይ ቁልፍ ናቸው፤ የያዛቸው አገሩን ሁሉ ይዟል።

በመተሐራ ሜዳ የኢቱ ሁኔታ ሳይታይ ቢታለፍ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ከደጋው የተገፋው ኢቱ ወደ ከረዩ አገር ሲወርድ በእንግድነት ነው። ከረዩዎች ተቀበሉት፣ ተጋቡ፣ ውሃ ተካፈሉ። ቁጥሩ ሲበዛ፣ ሸንኮራውና ፓርኩ ሜዳውን ሲያጠብቡት፣ እንግዳው አራሽ ሆነ፤ የሚታረሰውም የአስተናጋጁ ግጦሽ ነበር። በሚኤሶ በኩልም ኢቱው ከኢሳ ጋር ተፋጠጠ። የተነጠቀ ሰው ነጣቂ የሚባልበትን ጊዜ ማየት ደስ አይልም፤ ግን እንዲህ ሆኗል። የአውስትራሊያ ታሪክ ላይ ሠፋሪና ነባር በቆዳ ቀለም ይለያሉ። እኛ ዘንድ አንዱ ቤተሰብ በአያቱ ዘመን ነባር፣ በልጅ ልጁ ዘመን ሠፋሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህም በጅምላ «እነሱ መጤ ናቸው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ከታሪኩ ግማሹን ብቻ ነው።

1967 ዓ.ም. በሁለቱም አገር መዝገብ ላይ ተጽፏል። በየካቲት 25 ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። አዋጁ ስለ ዘላኖች መሬት የሚያወራ የራሱ ክፍል ነበረው፤ አርቢዎች በልማድ በሚጠቀሙበት ግጦሽ ላይ የይዞታ መብት እንዳላቸው አወቀላቸው። በዚያው ዓመት በነሐሴ 10 የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላም በሰሜኑ በረሃ ለጉሪንጂ ሕዝብ መሪ ለቪንሰንት ሊንጊያሪ ከመሬቱ አፈር ዘግነው በመዳፉ ላይ አፈሰሱ። ሊንጊያሪና ጓደኞቹ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዌቭ ሂል ከሚባለው የእንግሊዙ ቬስቲ ኩባንያ የከብት እርባታ ሥራ ጥለው የወጡ እረኞች ናቸው። በተወረሰው መሬታቸው ላይ ለወራሹ ከብት ይጠብቁ ነበር፤ መጀመሪያ ደመወዝ ጠየቁ፣ ከዚያ «መሬቱ የእኛ ነው» አሉ። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት «ባለቤት የሌለው መሬት» የሚለውን ተረት የጣለው እ.ኤ.አ. በ1992 በኤዲ ማቦ ጉዳይ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በዊክ ጉዳይ፣ መንግሥት ለከብት አርቢ ያከራየው መሬት ላይ የነባሩም መብት አብሮ ሊኖር ይችላል ሲል ፈረደ፤ ሁለቱ ሲጋጩ ግን የኪራዩ ይበልጣል። ትንሽ ድል ናት፣ ነገር ግን ድል ናት።

በእኛ በኩል የ1967ቱ አዋጅ ወረቀት ላይ ቀረ። ደርግ የሸንኮራውንና የጥጡን እርሻ ለአርቢው አልመለሰም፤ የመንግሥት እርሻ አደረገው እንጂ። ቀጥሎ ክልል መጣ። የኦሮሚያና የሶማሌ ክልል ወሰን በጋራው ሥር፣ ሚኤሶ አካባቢ፣ የማን እንደሆነ ስላልታወቀ በ1997 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በረጅሙ ወሰን ዳር በሚገኙ 420 ገደማ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ከአምስት እጅ አራት እጁ ወደ ኦሮሚያ ሄደ። ሕዝብ መጠየቁ ከጠመንጃ ይሻላል። ግን ጥያቄው የተሳሳተ ነበር ብዬ አምናለሁ። ለአርቢ «ቀበሌህ የየትኛው ክልል ነው?» ሲባል፣ «በክረምት ከእኔ ጋር የሚያሰማራው፣ በበጋ እኔ ጉድጓዱ ላይ የምወርደው ጎረቤቴ ከእንግዲህ ይገባል ወይስ አይገባም?» የሚለው ጥያቄ አልተነሣም። ወሰን የሚሰመረው ድምፅ በተሰጠበት ቀበሌ ከሆነ፣ ቤት መሥራት፣ አጥር ማጠርና ማረስ የይዞታ ማስረጃ ይሆናሉ። ማንም አርቢ ይህን ለመረዳት ጠበቃ አያስፈልገውም። የግጦሽ ሜዳ እየታጠረ፣ መንቀሳቀሻው እየጠበበ፣ ከብት ዝርፊያው በክላሽ እየሆነ ሄደ። በ2010 ዓ.ም. መባቻ ግጭቱ ከሜዳው አልፎ ከተማ ገባ፤ በሁለቱ ክልሎች ወሰን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ። ከሶማሌ ክልል የወጡ ኦሮሞዎችም፣ ከኦሮሚያ የወጡ ሶማሌዎችም በውስጡ አሉ።

ሽማግሌዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ኢሳዎች «ሔር» የሚባል የራሳቸው ሕግ፣ በላዩም ኡጋስ አላቸው፤ ኢቱዎች የኦዳ ቡልቱም ሥርዓት አላቸው። ሁለቱም ሰው ሲገደል በካሣ ደም የሚያደርቁበት መንገድ ያውቃሉ። የሚያቅታቸው አንድ ነገር ነው፦ የተዘረፈው ከብት በማግስቱ በመኪና ተጭኖ ሩቅ ገበያ ከደረሰ፣ ገዳዩም የክልል ታጣቂ ከሆነ፣ የሽማግሌ ዳኝነት አይደርስበትም።

ዛሬ ከሂርና እስከ ጭሮ ያለው ጋራ እስከ አናቱ እርከን ነው፤ ጫት፣ ቡና፣ ማሽላ። ባለ ቁራሽ መሬቱ ገበሬ የቀድሞ ነፍጠኛም ገባርም አይደለም፤ ከብቱም ብዙ ጊዜ በበረት ታስሮ የሚቀለብ አንድ በሬ ነው። እሱን ከመሬቱ ተነሣ የሚል ፍትሕ የለም። ጥያቄው ገና ያልታጠረውን የቆላ ግጦሽ የሚመለከት ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ለእርሻም መሬት በነፃ የማግኘት፣ ከመሬታቸውም ያለመፈናቀል መብት ሰጥቷቸዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ መንግሥት እንደ አስፈላጊነቱ የወል መሬትን ወደ ግል ይዞታ ሊያዞር ይችላል አለ። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተካ። አዋጅ ቢለዋወጥም የወል ግጦሽ ከወረቀት ውጭ እስካለ ድረስ መጀመሪያ ያጠረው ሰው ይወስደዋል። ሂርና፣ ጭሮ ወይም ሚኤሶ የምትኖር አንባቢ ሆይ፣ ይህን ምዕራፍ ስትጨርስ ወደ ወረዳህ የመሬት ጽሕፈት ቤት ሂድና የቀበሌህ የወል ግጦሽ ተለክቶ፣ በወል ስም ተመዝግቦ፣ የከብት መተላለፊያውና ውሃው ተለይቶ እንደሆነ ጠይቅ። ካልተመዘገበ ከጎረቤቶችህ ጋር ሆነህ እንዲመዘገብ አመልክት፤ ማመልከቻውም ላይ በበጋ ከብቱን ይዞ ስለሚመጣው ጎረቤት መብት አንድ አንቀጽ ጨምሩበት።